ንጉሥ ላሊበላ በመስቀል ጦርነት ዘመን

ስለ መስቀል ጦርነት በታሪክ ትምህርት ስንማር የምንሰማው ስም ሁሉ የውጭ አገር ሰው ስም ነው። ነገር ግን ኢየሩሳሌም ከእጅ ወደ እጅ ትተላለፍ በነበረበት በዚያው ዘመን፣ ከሰቆጣ በስተደቡብ በላስታ ተራራ ላይ አንድ ታላቅ የክርስቲያን ንጉሥ ነግሠው ይኖሩ ነበር። እኚህም ንጉሥ ስመ መንግሥታቸው ገብረ መስቀል የተባለው ቅዱስ ላሊበላ ናቸው። ኢየሩሳሌምን ከማንኛውም ንጉሥ ባላነሰ ይወዱ ነበር፤ ጦር ግን አላዘመቱላትም። ምክንያቱን መመርመር ለእኛ ለዋግና ለላስታ ልጆች ይገባናል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ላሊበላ በ12ኛው ምዕተ ዓመት ከዛጔ ነገሥታት ወገን በሮሐ ተወለዱ። ከሞቱ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈው ገድላቸው እንደሚተርከው፣ በተወለዱ ጊዜ ንቦች ስለ ከበቧቸው እናታቸው ለንግሥና መመረጣቸውን ተረድተው ላሊበላ ብለው ሰየሟቸው። በዙፋን ላይ የነበረው ወንድማቸው ሐርቤ ይህን ሰምቶ ቀናባቸው። እኅታቸውም መርዝ አጠጣቻቸው ይባላል። ብዙ መከራና ስደት ካዩ በኋላ ሐርቤ ዙፋኑን ለቀቀላቸውና በ1181 ገደማ ነገሡ። ዘመነ መንግሥታቸውም 40 ዓመት እንደ ነበረ በትውፊት ይነገራል።

የመስቀል ጦርነት ግን እርሳቸው ሳይወለዱ ተጀምሮ ነበር። ሴልጁቅ የተባሉት ቱርኮች በ1071 የቢዛንጥያን ጦር መንዚከርት ላይ ድል ካደረጉ በኋላ የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ከምዕራብ እርዳታ ለመነ። የሮማው ፓፓ ኡርባኖስ 2ኛም በ1095 በክሌርሞን ከተማ ሕዝቡን ለዘመቻ ጠራ። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ የኃጢአት ስርየትን ተስፋ አድርገው ወጡ፤ መሬትና ሀብት የፈለጉም አልጠፉም። በ1099 ኢየሩሳሌምን ሲይዙ ብዙ እስላሞችንና አይሁዶችን ፈጁ።

ላሊበላ በነገሡ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በ1187፣ የግብፅና የሶርያ ገዥ ሳላዲን የመስቀል ጦረኞችን በሐጢን ድል አድርጎ ኢየሩሳሌምን መልሶ ያዘ። የአውሮፓ ነገሥታትም እንደ ገና ተነሡ፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ እስከ 1192 ድረስ ቢዋጋም ከተማይቱን ሳያስለቅቅ፣ ክርስቲያን ተሳላሚዎች በሰላም እንዲገቡ ተዋውሎ ተመለሰ። በ1204 ደግሞ ለኢየሩሳሌም የወጣው ጦር መንገዱን ለውጦ የክርስቲያኖችን ከተማ ቁስጥንጥንያን ዘረፈ።

ላሊበላ በዚህ ጦርነት ያልገቡት መንገዱ ሩቅ ስለ ሆነ ብቻ አይመስለንም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሷን የምታገኘው ከእስክንድርያ መንበር ነበረ፤ እስክንድርያም በግብፅ ሡልጣን እጅ ነበረች። በላሊበላ ዘመን አቡነ ሚካኤል፣ ከእርሳቸውም በኋላ አቡነ ይስሐቅ የመጡት ከዚያው ነው። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ መነኮሳትም ያለ ሡልጣኑ ፈቃድ በሰላም አያልፉም ነበር። ስለዚህ ከግብፅ ጋር መጣላት ማለት ጳጳስ ማጣት፣ የተሳላሚዎችንም በር መዝጋት ማለት ነበር። እንዲያውም በኢየሩሳሌም ላሉት ኢትዮጵያውያን ሳላዲን ቦታ እንደ ሰጣቸው በአባቶች ይነገራል። የኢትዮጵያ መነኮሳት ዛሬም በዴር ሡልጣን አሉ።

ንጉሡ በሰይፍ ፋንታ መሮና መዶሻ አነሡ። በሮሐ ከአንድ ወጥ ዓለት የተወቀሩት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በስማቸው ይጠራሉ። ሁሉም በእርሳቸው ዘመን አልተሠሩም የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ የንጉሡን ሐሳብ ግን የቦታዎቹ ስም ይገልጸዋል። በዚያ ጎልጎታ አለ፣ ደብረ ሲና አለ፣ በመካከል የሚያልፈውም ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል። መንገዱ አድካሚና አስጊ የሆነበት ገበሬ፣ አቅም ያጣች መበለት፣ በአገራቸው ኢየሩሳሌምን እንዲሳለሙ ሆነ። ሥራውም በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

የሚያስደንቀው ነገር፣ በዚያው ወራት የአውሮፓ ሰዎች ካህኑ ንጉሥ ዮሐንስ የሚሉት አንድ የምሥራቅ ክርስቲያን ንጉሥ ከበስተ ኋላ መጥቶ እስላሞችን ይወጋልናል ብለው ይጠብቁ ነበር። በኋላ ዘመን ይህን ስም ለኢትዮጵያ ንጉሥ ሰጡት። የላስታው ንጉሥ ግን ዓለት ያስወቅሩ ነበር።

ላሊበላ በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ዐረፉ፤ መቃብራቸው በቤተ ጎልጎታ ነው ይባላል። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 12 ቀን ታስባቸዋለች። በ1270 ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ የዛጔ መንግሥት አለፈ፤ ዘራቸው ግን በዋግ ሹምነት በሰቆጣ እንደ ቀጠለ ይነገራል። ከ1868 እስከ 1871 የነገሡት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስም አስቀድሞ ዋግሹም ጎበዜ የተባሉት ናቸው።

የመስቀል ጦረኞች በ1291 የመጨረሻ ከተማቸውን ዓካን አጡ፤ ለ200 ዓመት የፈሰሰው ደም ኢየሩሳሌምን አላስገኘላቸውም። በላስታ የተወቀረችው ኢየሩሳሌም ግን ዛሬም በገና ሌሊት በተሳላሚ ትሞላለች። እኛም ተማሪዎች በከተማችን አጠገብ ባለው በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ስናልፍ፣ አባቶቻችን የሚወዱትን ነገር ሰው ሳይገድሉ የራሳቸው ለማድረግ መቻላቸውን እናስታውስ። ከእጃችን ያለው ብዕር ነውና እኛም በርሱ እንሥራ።