ሎምባርዲና አራተኛዋ ሙከራ

በአሜሪካን ፉትቦል 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለ። አራተኛዋ ላይ ብዙው አሰልጣኝ ኳሷን በቋሚዎቹ መሃል አስመትቶ ሦስት ነጥቡን ይይዛል። የብሩክሊኑ ልጅ ቪንስ ሎምባርዲ ግን በ1960 (እ.ኤ.አ) የዋንጫ ጨዋታ ፓከርስን ይዞ ምቱን ንቆ ለመግባት ሞከረ፤ አልሆነም። በፊላደልፊያ ኢግልስ 17 ለ 13 ተሸነፈ። የዛሬ ስሌተኞች ጎሉ ቅርብ ከሆነ መሞከሩ ያዋጣል ባይ ናቸው፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።

ሰውየው ከዚያ በኋላ ፈራ? ወይ ፍንክች! አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ዲሴምበር 31 ቀን 1967 ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ብርድ ውስጥ ዳላስ ካውቦይስ 17 ለ 14 ይመራዋል፤ የቀረው 16 ሰከንድ ነው፣ እረፍት መጠየቂያው አልቋል። አቻ የምታደርገውን ምት ተዋት። ቢያዙ ኖሮ አለቀ! ባርት ስታር ራሱ ይዞ ገባ፣ 21 ለ 17። በ1970 ካንሰር ሲገድለው ገና 57 ዓመቱ ነበር፤ የሱፐር ቦል ዋንጫ በስሙ የተጠራው ከሞተ በኋላ ነው።