ከእንጥል በስተኋላ የተደበቀውን ያገኘ ሐኪም
የዶክቶር ቪልሄልም ሜየር ታሪክ

አንድ ልጅ አፉን ከፍቶ ቢያድር፣ በእንቅልፉ ቢያንኮራፋ፣ ሲጠሩትም ቶሎ ባይሰማ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ስም ሰነፍ ወይም ፈዛዛ የሚል ነው። በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ሰፈር ሳንሱሲ ይባላል፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ ያለ ሐሳብ ማለት ነው። ነገር ግን በሳንሱሲም ሆነ በሌላው ሰፈር እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት ያለ ሐሳብ አትተኛም። ከጎረቤት የምታገኘውም ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም የልጁ እንጥል ወርዷልና ይቆረጥ የሚል ነው። በእውነቱ ግን ጥፋቱ ከእንጥሉ ላይ አይደለም። ይህንንም ለዓለም ያስረዳውን ሐኪም ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ቪልሄልም ሜየር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1824 ዓ.ም. ፍሬደሪሲያ በምትባል የዴንማርክ ከተማ ተወለደ። ሕክምና ተምሮ በዋናው ከተማ በኮፐንሀገን ማንኛውንም ሕመምተኛ የሚቀበል ተራ ሐኪም ሆነ። የጆሮ ሕመምን ግን ከሁሉ አብልጦ ይከታተል ነበር።

በ1867 ዓ.ም. ዕድሜዋ ሃያ ዓመት የሆነ አንዲት ልጃገረድ ወደ እሱ መጣች። ጆሮዋ ከብዷል፤ በአፍንጫዋ መተንፈስ አልቻለችም፤ አነጋገርዋም የታፈነ ነበር። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በእኛ ቋንቋ ቢናገር መ የሚለው ፊደል በ፣ ነ የሚለውም ደ እየመሰለበት፣ እማማ ሲል እባባ ያለ ይመስላል። ሜየር አፍንጫዋን ተመልክቶ የሚበቃ ምክንያት ስላላገኘ፣ ጣቱን በአፍዋ አግብቶ ከእንጥልዋ በስተኋላ ወደ ላይ ሰደደና ዳሰሰ። በዚያም ስፍራውን የሞላ ለስላሳ ሥጋ አገኘ። ይህም ሥጋ ዛሬ አዴኖይድ የሚባለው ነው።

ነገሩን እናብራራው። አፍንጫ ከጉሮሮ ጋራ በሚገናኝበት ስፍራ፣ ግራና ቀኝ፣ ወደ መካከለኛው ጆሮ አየር የሚያስገቡ ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ። አዴኖይድ በልጅነት ለሁሉም ያለ ሲሆን፣ ዕድሜ እየጨመረ ሲሄድ ይሟሽሻል። ከመጠን በላይ ሲያብጥ ግን የአፍንጫን መተላለፊያ ይዘጋል፤ ቧንቧዎቹንም ሥራ ያስፈታል። በዚህ ጊዜ ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ውሃ ይቋጥራል፤ መስማትም ይደክማል። አንዳንድ ጊዜም ውሃው መግል ይሆንና ታምቡሩን በስቶ ይወጣል።

ሜየር በቀለበት ቅርጽ የተሠራ ትንሽ ቢላዋ አዘጋጀ። ቢላዋውን በአፍንጫ ቀዳዳ እያስገባ፣ በአፍ ባስገባው ጣቱ እየመራ፣ ያበጠውን ሥጋ ቆርጦ ያወጣ ጀመር። የኮፐንሀገንን ተማሪዎችም መርምሮ ከመቶ አንድ ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው ተረዳ። ሥራውንም በ1868 ዓ.ም. በዴንማርክ ቋንቋ አሳተመ፤ ይህም ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ የወደቁበት ዓመት ነው። በ1870 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎም በጀርመንኛ ሲታተም፣ የየአገሩ ሐኪሞች የእሱን መንገድ ተከተሉ። ሰነፎች ይባሉ የነበሩ ብዙ ልጆችም የመምህራቸውን ቃል መስማት ቻሉ።

ሜየር እስከ ዕድሜው መጨረሻ ከዚህ ነገር አልተለየም። ይህ ሕመም ጥንትም እንደ ነበረ ለማስረዳት፣ በድሮ ሥዕሎችና ሐውልቶች ላይ አፋቸው ተከፍቶ የሚታዩትን ፊቶች ይመረምር ነበር። በ1895 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በቬኒስ ከተማ ሞተ። ከሦስት ዓመት በኋላም ከብዙ አገር በተሰበሰበ ገንዘብ በኮፐንሀገን መታሰቢያ ሐውልት ቆመለት።

ዛሬ ይህ ሕክምና የሚደረገው ልጁ በማደንዘዣ ተኝቶ ሳለ በአፍ በኩል ነው። በጆሮው ውሃ የቋጠረበትም እንደሆነ፣ አየር እንዲያገኝ በታምቡሩ ላይ ትንሽ ቱቦ ይደረግለታል። ሆኖም ያበጠ ሁሉ አይቆረጥም፤ ብዙው በመድኃኒትና በጊዜ ይሻለዋል። መለየቱ የሐኪም ሥራ ነው። በንጹሕ ባልሆነ ምላጭ እንጥልን ማስቆረጥ ግን የደም መፍሰስን፣ ምርቀዛንና መንጋጋ ቆልፍን ከማምጣት በቀር የተዘጋውን መተላለፊያ አይከፍትም።

በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የአንገት በላይ ሐኪሞች አሉ። ስለዚህ ልጅዋ ሲጠራ የማይሰማት እናት፣ ሰነፍ ብላ ከመቅጣትዋና ለምላጭ ከመስጠትዋ በፊት፣ ከእንጥሉ በስተኋላ ያለውን እንዲያዩላት ወደ እነርሱ ትውሰደው። ሜየርም ያችን ልጃገረድ የረዳት፣ ሌላው ያላየውን ስፍራ ለመዳሰስ ስላልሰነፈ ነው።