የአውግስጢኖስ ጥያቄ

ከመካከላችን ጥያቄ ስለ በዛበት ብቻ እምነት የለኝም ብሎ የሚጨነቅ አይጠፋም። እንግዲያስ የአውግስጢኖስን ሕይወት እንመልከት።

አውግስጢኖስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ354 ዓ.ም. ዛሬ አልጀሪያ በምትባለው አገር፣ ታጋስቴ በተባለች ከተማ ተወለደ። እናቱ ሞኒካ ክርስቲያን ነበረች። እርሱ ግን በካርቴጅ ሲማር የመጽሐፍ ቅዱስ አጻጻፍ ተራ መስሎ ስለ ታየው ናቀው። ክፋት ከወዴት መጣ የሚለው ጥያቄ ዕረፍት ቢነሣው፣ ሁሉን በአእምሮ እናስረዳለን ወደሚሉት ወደ ማኒ ተከታዮች ገባ፤ ዘጠኝ ዓመት ያህልም ቆየ። ታላቁ መምህራቸው ፋውስጦስ መልስ ባጣ ጊዜ ግን ልቡ ከእነርሱ ራቀ።

በ384 የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ወደ ሚላኖ ሄደ። በዚያም የፕላቶን ተከታዮች መጻሕፍት ሲያነብና የጳጳሱን የአምብሮስዮስን ስብከት ሲሰማ ብዙ ጥያቄው ተፈታለት። ይሁን እንጂ አእምሮው ቢረታም ፈቃዱ አልታዘዘም፤ የለመደውን የሥጋ ኑሮ መተው ከበደው። በ386 በአትክልት ቦታ ሲያለቅስ ሳለ የሐዋርያው ጳውሎስን መልእክት ገልጦ አነበበ፤ ያን ጊዜ ራሱን ለክርስቶስ ሰጠ። በ387 በፋሲካ ተጠመቀ።

በኋላም የሂጶ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ በ430 እስኪያርፍ ድረስ መጠየቁንና መጻፉን አላቋረጠም።

እንግዲህ ጥያቄ እምነትን አያጠፋም፤ መልስም ብቻውን እምነት አይሆንም። ማመን ያወቁትን እውነት እሺ ብሎ መከተል ነው። ለእኛስ የጐደለን መልሱ ነው ወይስ እሺታው?