ይድነቃቸው ተሰማና የተሰናበተው ልጅ

ባለፈው ክረምት ለአንድ ጉዳይ ባሕር ዳር ሰንብቼ ነበር፡፡ እዚያ ስሄድ አመሻሹ ላይ ጣና ዳር ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ነፋስ መቀበል ልማዴ ነው፡፡ አንድ ቀን አጠገቤ ያለውን ጠረጴዛ የኳስ ደጋፊዎች ሞሉት፡፡ የሚደግፉት ክለብ አንድ ወጣት ተጫዋች አሰናብቶባቸዋል፡፡ ልጁ የውድድር ዘመኑን በአብዛኛው ያሳለፈው በተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው፤ ሜዳ ከገባም ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነበር፡፡ የክለቡን ስም አልጠቅስም፡፡ ልጁም ገና እንጀራውን የሚፈልግ ነውና የእሱም ስም ይቆየኝ፡፡

ግማሾቹ እንደ ቤተሰብ ነበር የተቆጡት፡፡ ከታዳጊ ቡድን ያደገ የሰፈር ልጅ ተባሮ ከሌላ ቦታ በውድ ዋጋ ለሚመጣ ተጫዋች ቦታ ይለቀቃል ወይ ነው ነገሩ፡፡ ሌሎቹ ደግሞ ክለብ የበጎ አድራጎት ድርጅት አይደለም፣ ጎል ያላገባ አጥቂ ምን ይሁን ይላሉ፡፡ እኔም ሳይጠሩኝ አቤት አልኩ፡፡ ሕግ መማር አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል፡፡ ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ የሥራ ውል ዘመኑ ሲያበቃ በሕግ እንደሚቋረጥ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ይህንኑ እንደሚል አስረዳሁ፡፡ ጨዋታው ቀዘቀዘ፡፡ አንድ ሸበቶ አባት ቀና ብለው አዩኝና ይድነቃቸው ተሰማ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይደረግ ነገሩኝ፡፡

እውነት ነው? ሌሊቱን ሳሰላስል ያደርኩት ይህንኑ ነው፡፡

ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ፡፡ አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ባለቅኔ፡፡ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ልጁ የአሥራ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበር፡፡ የክለቡን ማልያ ለበሱ፤ ከሃያ ዓመት በላይም አላወለቁትም፡፡ ሽማግሌው ይህን ነው የሚያስታውሱት፡፡ ነገር ግን በዚያ ዘመን ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የውል ዘመንም፣ የዝውውር ገንዘብም አልነበረም፡፡ ያልተቀጠረ ሰው ደግሞ አይሰናበትም፡፡ የዱሮውን ፍቅር ከዛሬው ውል ጋር ማወዳደር ለዛሬዎቹም ለዱሮዎቹም ፍትሐዊ አይመስለኝም፡፡

ጣሊያን አገሪቱን በያዘባቸው ዓመታት ኳስ ሜዳውም በቀለም ተከፍሎ ነበር፡፡ ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና ቅዱስ ጊዮርጊስ ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ ከአርመኖቹ አራራትና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ጋር ተሰለፈ፡፡ ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው፡፡ ይድነቃቸው በዚያ ዘመን ተጫዋችም፣ አደራጅም፣ ደንብ አርቃቂም ነበሩ፡፡ በቀለም የተከፈለውን ሜዳ ግን የረሱት አይመስለኝም፡፡

እ.ኤ.አ. በ1957 ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ሲመሠርቱ ከመሥራቾቹ አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ፡፡ ደቡብ አፍሪካ ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን አላሰልፍም አለች፡፡ ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ፡፡ ከውድድሩ ተባረረች፡፡ ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ ስለነበረች የእኛ ቡድን ሳይጫወት ካርቱም ላይ ለፍጻሜ አለፈ፤ እዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ፡፡ የሕግ ሰው ይህን ሲያይ የጥቅም ግጭት የሚለው ነገር ትዝ ይለዋል፡፡ ውሳኔው ግን ትክክል ነበር፤ አፓርታይድ እስኪወድቅም በሩ ተዘግቶ ቆየ፡፡ ይድነቃቸው እስኪሞቱ ድረስ ከዚያ በር አልራቁም፡፡

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደውን ቡድን ያሠለጠኑትም እሳቸው ናቸው፡፡ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ግርማ ተክሌ፡፡ ይህን ሁሉም ያውቀዋልና አልገፋበትም፡፡

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፡፡ ፊፋ ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ ቀጥተኛ ቦታ በነፈገ ጊዜ፣ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው አህጉሪቱን ከማጣሪያው አስወጧት፡፡ ለ1970ው ውድድር ቦታው ተሰጠ፡፡ በ1965 ደግሞ ኮንፌዴሬሽኑ በአፍሪካ ዋንጫ አንድ አገር ከሁለት በላይ ውጭ አገር የሚጫወቱ ተጫዋቾች እንዳያሰልፍ ደነገገ፡፡ እሳቸው ከ1972 ጀምሮ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመሩም ደንቡ እስከ 1982 ድረስ ጸንቶ ቆየ፡፡ ሐሳቡ ይገባኛል፤ አውሮፓ የአፍሪካን ልጆች እየለቀመ ከወሰደ እዚህ ምን ይቀራል? ነገር ግን አውሮፓ ሄዶ እንጀራውን ያገኘው ሦስተኛው ልጅ ጥፋቱ ምን ነበር? አህጉሪቱን ለማዳን ሲባል አገሩ ያሰናበተችው ተጫዋች እሱ ነው፡፡ የሽማግሌው ይድነቃቸው እንዲህ ያለ ውሳኔ አይወስኑም፤ እውነተኛው ይድነቃቸው ግን እንዲህ ያለውን ደንብ ይዘው አሥር ዓመት መርተዋል፡፡ ለእኔ ይህ ክብራቸውን አይቀንሰውም፤ ሰው ያደርጋቸዋል፡፡

በ1979 ዓ.ም. ነሐሴ ወር አረፉ፤ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት እንደሆኑ፡፡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ቡድን ባሕር ዳር ስታዲየም መጥቶ ኢትዮጵያን 3 ለ 1 አሸንፎ ሄደ፡፡ ነጭና ጥቁር በአንድ ማልያ፡፡ ይድነቃቸው ቢኖሩ በሽንፈቱ ያዝኑ ነበር፤ በተጋጣሚው መምጣት ግን የሚከፋቸው አይመስለኝም፡፡ ብዙም ሳይቆይ ስታዲየሙ ደረጃውን አላሟላም ተብሎ ኢትዮጵያ ጋናን ያስተናገደችው ጆሃንስበርግ ላይ ነው፡፡ ታሪክ እንዲህ ይቀልዳል፡፡

በማግስቱ ማታ እዚያው ቡና ቤት ተመለስኩ፡፡ ሽማግሌው ነበሩ፡፡ ስለ ሁለቱ ተጫዋቾች ደንብ ነገርኳቸው፤ ዝም ብለው ሐይቁን ሲያዩ ቆዩ፡፡ አንድ ታንኳ ወደ ዳር እየቀረበ ነበር፡፡ ከዚያ ቡና አዘዙልኝና ልጁ የሁለት ወር ደመወዝ እንደቀረበት፣ የመልቀቂያ ወረቀትም እንዳልተሰጠው ነገሩኝ፡፡ ያለ መልቀቂያ ሌላ ክለብ አይወስደውም፡፡ ትናንት ያን ሁሉ አዋጅ ስቆጥር ይህን አልጠየቅሁም ነበር፡፡ ልጁን አስጠሯቸው አልኩ፡፡ ከአስተናጋጇ እስክሪብቶ ተውሰን፣ ከሽማግሌው የዕቁብ ደብተር ሁለት ገጽ ቀድደን ማመልከቻውን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጻፍን፡፡