ለአንዲት እጅ የተሠራው ጓንት፦ የዶክተር ዊልያም ሃልስቴድ ሕይወትና ለሙያችን የተወው ትምህርት

ስለ ሥራ ላይ ደኅንነት አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ከመጽሔቱ አዘጋጆች ጥያቄ በቀረበልኝ ጊዜ በቅድሚያ ትዝ ያለኝ መጽሐፍ ሳይሆን የአንድ ሰው ጣት ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁ በሁለተኛው ዓመት በአርሲ ደጋ በሚገኝ አንድ የእርሻ መሣሪያዎች ጥገና ክፍል እሠራ ነበር። የስንዴና የገብስ አጨዳ ስለ ተቃረበ ኮምባይነሮችና ትራክተሮች ለጥገና ተሰልፈዋል። ለሠራተኞቹ የእጅ ጓንት እንዲገዛ ያሳሰብሁትም፣ ዓይነቱን የመረጥሁትም እኔ ነበርሁ። ወፍራም የቆዳ ጓንት ለሁሉም በእኩል ታደለ፤ በያጁ፣ ብረት ተሸካሚው፣ ባትሪ የሚሞላው፣ መሰርሰሪያው ዘንድ የሚቆመውም ያንኑ አጠለቀ። በሦስተኛው ሳምንት የሚሽከረከረው መሰርሰሪያ የአንዱን ሠራተኛ ጓንት ጫፍ ይዞ ጠመዘዘውና ሌባ ጣቱን ቆረጠው። እጁ ባዶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በጭረት ይተርፍ ነበር።

ሠራተኛውን ወደ ሐኪም ቤት ስናደርሰው ቁስሉን ያከሙለት ሐኪም ቀጭን የጎማ ጓንት አጥልቀው ነበር። በአንድ አልጋ አጠገብ ሁለት ጓንቶችን አየሁ፤ አንደኛው የጎዳ፣ ሁለተኛው የሚያድን። ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣ ለማወቅ ስል የጎማ ጓንትን ወደ ቀዶ ሕክምና ያስገቡትን ሰው ታሪክ መረመርሁ። እኚህ ሰው መሐንዲስ ባይሆኑም ያደረጉት ነገር የመሐንዲስ ሥራ ስለ ሆነ ሕይወታቸውን ለባልደረቦቼ ላቀርብ ወደድሁ። የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ዊልያም ስቱዋርት ሃልስቴድ በመስከረም ወር 1852 በኒው ዮርክ ከተማ ከባለጸጋ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። በዬል ኮሌጅ ሳሉ ከመጽሐፍ ይልቅ በኳስ ሜዳ የታወቁ ሲሆኑ፣ የኮሌጁ ቡድን አምበልም ነበሩ። በ1874 ተመርቀው ሕክምና መማር ሲጀምሩ ግን ጠባያቸው ፈጽሞ ተለወጠ። በ1877 የሕክምና ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ ወደ ቪየናና ወደ ጀርመን ከተሞች ተጉዘው ሁለት ዓመት ያህል ከዘመኑ ታላላቅ ሐኪሞች ዘንድ ተማሩ። በዚያን ጊዜ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማንጻት ካስተማረ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ በአሜሪካ ብዙዎቹ ሐኪሞች ትምህርቱን ገና በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር። ሃልስቴድ ከተቀበሉት ጥቂቶች አንዱ ነበሩ። በቤልቪው ሆስፒታል ንጽሕናን የሚጠብቅ የቀዶ ሕክምና ክፍል ባጡ ጊዜ፣ በግቢው ውስጥ ድንኳን አስተክለው በዚያ እስከ መሥራት ደርሰዋል።

በ1884 ኮኬይን የዓይንን ስሜት እንደሚያደነዝዝ ከቪየና ወሬ ተሰማ። ሃልስቴድና ባልደረቦቻቸው መድኃኒቱን በገዛ አካላቸው እየወጉ ሞከሩት፤ ነርቭን በመውጋት አንድን የአካል ክፍል ብቻ ማደንዘዝ እንደሚቻልም አሳዩ። ግኝቱ ታላቅ ነበር፤ ዋጋውም ከባድ ሆነ። የኮኬይን ሱስ አስያዥነት ገና በሚገባ ባልታወቀበት በዚያ ዘመን ሃልስቴድ በሱሱ ተያዙ፤ ከሥራ ባልደረቦቻቸውም አንዳንዶቹ ጠፉ። ሮድ አይላንድ ውስጥ ባለ ሆስፒታል ቢታከሙም ኮኬይኑን በሞርፊን ተክተው ወጡ፤ ከሞርፊኑም ለረጅም ዘመን እንዳልተላቀቁ ከሞታቸው በኋላ የወጡ ማስረጃዎች አረጋግጠዋል። የሌላውን እጅ ከመርዝ ለመጠበቅ በቅተው የሚታወሱት ሰው፣ ወደ ገዛ ደማቸው ያስገቡትን መርዝ አስቀድመው አላወቁትም ነበር።

የኒው ዮርክ ሥራቸው በዚህ ሁኔታ ከፈረሰ በኋላ ወዳጃቸው ዶክተር ዊልያም ዌልች በ1886 መጨረሻ ወደ ባልቲሞር ጠርተው በቤተ ሙከራቸው አስጠጓቸው። ሃልስቴድም ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኑ፤ ፈጣኑና ደፋሩ ሐኪም ዝግተኛ፣ ጥንቁቅና ዝምተኛ ሆኑ። የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ1889 ሲከፈት በዚያው ተቀጠሩ።

የጓንቱ ታሪክ የሚጀምረው ከ1889 ወደ 1890 በተሻገረው ክረምት ነው። የቀዶ ሕክምናው ክፍል ኃላፊ ነርስ ወይዘሪት ካሮላይን ሃምፕተን ይባሉ ነበር። የዚያን ዘመን ሥርዓት እንደሚያዝዘው እጅ ሁሉ በሜርኩሪ ክሎራይድ ውሕድ ይነከር ነበር። ይህ ውሕድ ተሐዋሲያንን እንደሚገድል ሁሉ ቆዳንም ያቃጥላል። የነርሷ እጅና ክንድ ቆሰለ። ዶክተር ሃልስቴድ ፊት የነበሩት መንገዶች ሁለት ነበሩ፤ ንቁና ትጉህ ሠራተኛ ማጣት፣ ወይም በእጅና በመርዙ መካከል አንድ ነገር ማኖር። ሁለተኛውን መረጡ። ወደ ኒው ዮርክ በሄዱ ጊዜ የጉድይር ጎማ ኩባንያ ከአንጓ በላይ የሚደርስ ቀጭን የጎማ ጓንት ሁለት ጥንድ ለሙከራ እንዲሠራ አዘዙ። ሙከራው ስለ ተሳካ ሌላ ተጨመረ። ወይዘሪት ሃምፕተን በሰኔ 1890 ዶክተር ሃልስቴድን አግብተው ሥራውን ሲለቁ፣ ጓንቱ ግን በክፍሉ ውስጥ ቀረ።

ባልደረቦቼ ይህን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። ያ ጓንት በሽተኛውን ከተሐዋሲያን ለመጠበቅ አልተሠራም። የታወቀ አደጋ አለ፤ ሜርኩሪ ክሎራይድ። የታወቀ ሰው አለ፤ አንዲት ነርስ። የታወቀ ሥራ አለ፤ ጣት የሚንቀሳቀስበትና የሚዳስስበት። ጎማው የተመረጠው ውሕዱን ስለማያሳልፍ ነው፤ ቀጭን የሆነው የጣት ስሜት እንዳይጠፋ ነው፤ ረዘም ያለውም ቁስሉ ወደ ክንድ ስለ ደረሰ ነው። እያንዳንዱ ባሕርይ ከአደጋው የተቀዳ ነው። እኔ በአርሲ ደጋ የሠራሁት ስሕተት የዚህ ተገላቢጦሽ ነበር፤ አስቀድሜ ጓንቱን ገዛሁ፣ ከዚያ በኋላ አደጋውን በጣት ዋጋ ተማርሁ።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። ጓንቱን መሣሪያ የሚያቀብሉት ረዳቶች እጃቸውን ከካርቦሊክ አሲድ ለማዳን ያጠልቁት ጀመር፤ ሐኪሙ ራሳቸው ግን ለብዙ ዓመታት በባዶ እጅ ይቀዱ ነበር። ጓንቱ በዓይናቸው ፊት እያለ ሌላው ጥቅሙ አልታያቸውም። በመጨረሻ ረዳታቸው ዶክተር ጆሴፍ ብለድጉድ በቡአ ቀዶ ሕክምና ሁልጊዜ ጓንት ማጥለቅን ልማድ አደረጉ፤ በ1899 ባወጡት ዘገባም ከ450 በላይ ከሚሆኑ ሕክምናዎች በመነሣት፣ ቀድሞ 17 ከመቶ ገደማ የነበረው የቁስል ማመርቀዝ ከ2 ከመቶ በታች መውረዱን አሳዩ። ሃልስቴድም ይህን ሳያስተውሉ በመቆየታቸው ኋላ በጽሑፍ ሲደነቁ ኖረዋል። ጥቅሙን የገለጠው ቆጠራ ነው፤ መዝገብ ባይያዝ ኖሮ ማንም ባላወቀው።

ከ1892 ጀምሮ በጆንስ ሆፕኪንስ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነው ሃርቪ ኩሺንግን የመሰሉ ሐኪሞችን አሠለጠኑ፤ ሐኪም በደረጃ እየሠራ የሚማርበትን ሥርዓትም መሠረቱ። ዕረፍታቸውን በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ባለው እርሻቸው ዳሊያ አበባ በመትከል ያሳልፉ ነበር። በመስከረም 1922 ከሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና በኋላ በተከተለ ችግር አረፉ፤ ባለቤታቸውም በዚያው ዓመት በሳንባ ምች ተከተሏቸው።

ጓንቱም እንደ ሰው ሁሉ የራሱ ጉድለት ነበረው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የተፈጥሮ ጎማ በብዙ የሕክምና ሠራተኞች ላይ አለርጂ እንደሚያስነሣ ታወቀ፤ ዱቄት የተነሰነሰበት የሕክምና ጓንትም ከ2017 ጀምሮ በአሜሪካ ታገደ። ጠባቂ የተባለ ዕቃ ሁሉ ራሱ ሊጠበቅ እንደሚገባው ይህ ምስክር ነው።

ከባልቲሞር ወደ አሰላ ስንመለስ፣ በደጋው የእርሻ መሣሪያ አዲስ አይደለም። በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያንና የተሻሻለ ዘርን ለገበሬው አዳረሰ፤ ኮምባይነር፣ ፀረ-አረምና ፀረ-ተባይ መድኃኒት፣ ብቅል ፋብሪካም ከደጋው ሕይወት ጋር ተዋሕደዋል። አደጋዎቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም።

መሰርሰሪያና ቶርኖን በመሳሰሉ የሚሽከረከሩ ማሽኖች አጠገብ ከሁሉ የሚሻለው ጓንት አለማጥለቅ ነው፤ በዚያ እጅን የሚጠብቀው መከለያና ማቆሚያ ነው። በብየዳ ደረቅና ረዥም የቆዳ ጓንት ይገባል፤ የረጠበ ቆዳ ግን ሙቀትን ፈጥኖ ያሳልፋል። የብቅል ማድረቂያ ሙቀት 80 ዲግሪ ገደማ ስለሚደርስ በዚያም ይኸው ጥንቃቄ ይጸናል። ናፍጣና ዘይት የተፈጥሮ ጎማን ስለሚያሳብጡት ለነዚህ ናይትራይል ይመረጣል፤ ናይትራይልም በፈንታው አሴቶንን አይችልም። ፀረ-ተባይ ለሚረጭ ሰው ቆዳና ጨርቅ መርዙን ጠጥተው ከእጅ ጋር ስለሚያቆዩት አይመከሩም፤ የማያሳልፈውን ጓንትም ቢሆን ከማውለቅ በፊት ውጭውን ማጠብ ያስፈልጋል። ኬሚካል ቀዳዳ ሳይኖር በጎማው ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ፣ ትናንት ደኅና የነበረው ጓንት ዛሬ አታላይ ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መከላከያ ጎማ ደግሞ በቮልቴጅ ደረጃው ይመረጣል፤ ዜሮ የተባለው ደረጃ እስከ 1000 ቮልት የተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። ከማጥለቅ በፊት አየር ሞልቶ ቀዳዳ መፈለግ፣ ከላዩም የቆዳ ጓንት መደረብ ይገባል።

እኔ አሁን ለማንኛውም የሥራ ቦታ ጓንት ከማዘዜ በፊት ሦስት ጥያቄ እጽፋለሁ፤ አደጋው ምንድን ነው? እጁ የማን ነው? ሥራው የሚጠይቀው ምንድን ነው? ካጠለቁት ሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ እጃቸውን አያለሁ፤ ጉዳትም ጭረትም በመዝገብ እንዲጻፍ አደርጋለሁ። ያ ሠራተኛ ዛሬም በደጋው መካኒክ ነው፤ በተገናኘን ቁጥር በጎደለው እጁ ይጨብጠኛል። ዶክተር ሃልስቴድ ለአንዲት እጅ ብለው የጀመሩት ሥራ ሚሊዮኖችን ያዳነው የአንዲቱን እጅ ሕመም ከልብ ስለ መረመሩት ነው። እኛም በየፋብሪካችንና በየጥገና ክፍላችን ሥራችንን ከዚያች ከአንዲቱ እጅ ብንጀምር ብዙ ጣት ይተርፋል።