ሚኪ ማርኩስ፦ የእስራኤል የመጀመሪያው አሉፍ

ሠራዊት ለመግባት የምንጠብቅም፣ ገብተን ያለንም፣ ጨርሰን የወጣንም አንድ ጥያቄ እናውቃለን። ሰው ከዚያ በፊት የተማረው፣ የሠራውና ያሳለፈው ይቆጠርለታል ወይስ ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል? በተለይ ወደ ቃጺንነት ኮርስ ለመግባት የሚያስቡ ልጆች ይህን ደጋግመው ያነሱታል። ወላጆቻችንም በሌላ መልኩ ያውቁታል፤ እጃቸው ላይ ሙያ ይዘው መጥተው ወረቀት አምጡ ተብለዋል። ዘንድሮ የዴቪድ ማርኩስን ሕይወት ለመጻፍ የመረጥነው ለዚህ ነው። ጓደኞቹ ሚኪ ይሉት ነበር።

ሚኪ በ1901 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ ውስጥ ሎወር ኢስት ሳይድ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ተወለደ። ወላጆቹ ከሩማንያ የመጡ አይሁዶች ነበሩ። ቤተሰቡ በኋላ ወደ ብሩክሊን ተዛወረ፤ ልጁም እዚያ ቦክስ እየተማረ አደገ። በ1920 ዌስት ፖይንት ወደሚባለው የአሜሪካ የመኮንኖች ትምህርት ቤት ገባና በ1924 ተመረቀ። ከዚያ ሕግ ተማረ፤ ከሠራዊቱም ወጥቶ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። በ1940 የኒውዮርክ ከተማ እስር ቤቶች ሁሉ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። እንግዲህ ወታደርም፣ ሕግ አዋቂም፣ አስተዳዳሪም ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ወደ ሠራዊቱ ተመለሰ። በሃዋይ ወታደሮችን ለጫካ ውጊያ የሚያዘጋጅ የሬንጀሮች ትምህርት ቤት መራ። በጁን 6፣ 1944 የአሜሪካ ጦር ኖርማንዲ ሲወርድ እሱም ከፓራሹት ወታደሮች ጋር ዘለለ። የሚገርመው የፓራሹት ሥልጠና አልወሰደም ነበር። ይህን የምንጽፈው ሥልጠና አያስፈልግም ለማለት አይደለም፤ ሰውየው ምን ዓይነት ልብ እንደነበረው እንድታውቁ ነው። በኋላ ደግሞ የሕግ ትምህርቱ ተፈለገ፤ የናዚ ወንጀለኞች በሚዳኙባቸው ችሎቶች ዝግጅት ላይ ሠራ። የዳካው ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ የተደረገውንም በዓይኑ አየ። አይሁዶች የራሳቸው አገር ያስፈልጋቸዋል ብሎ በቁርጥ ያመነው ከዚያ በኋላ ነው። በ1947 በኮሎኔልነት ማዕረግ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ወደ ጥብቅና ሥራው ተመለሰ።

ዕረፍቱ ግን አልቆየም። ሃጋና አንድ ልምድ ያለው አሜሪካዊ መኮንን ይፈልግ ነበርና ሽሎሞ ሻሚር ኒውዮርክ መጥቶ ሚኪን ሰው ፈልግልን አለው። ሚኪም ፈለገ፤ የሚሆን አላገኘም፤ በመጨረሻ ራሱ ተነሣ። እንግሊዞች ገና አገሩን ስላልለቀቁ ማይክል ስቶን በሚል ስም በ1948 መጀመሪያ ላይ ገባ።

እዚህ ያገኘው ሠራዊት እንደ ዌስት ፖይንት አልነበረም። አንዱ በኪቡጽ እያረሰ በፓልማክ የሠለጠነ ነው። ሌላው በእንግሊዝ ጦር በአይሁድ ብርጌድ ጣልያን ውስጥ የተዋጋ ነው። ሌላው አውሮፓ ጫካ ውስጥ ከፓርቲዛኖች ጋር የቆየ፣ ሌላው ደግሞ ከመርከብ ገና የወረደ ነው። የሃጋና ኮርሶች በድብቅ የሚሰጡ ስለነበሩ ማንም ዲፕሎማ ግድግዳ ላይ አልሰቀለም። የማዕረግ ምልክት እንኳ አልነበራቸውም። ወረቀት ብቻ የሚያይ ሰው ቢሆን ኖሮ እነዚህ ምንም አያውቁም ብሎ ይደመድም ነበር።

ሚኪ እንዲህ አላደረገም። ከኔጌቭ እስከ ኢየሩሳሌም ዞረ፤ ክፍሎቹን ሲሠሩ አየ፤ አዛዦቹን ጠየቀ። የሚችሉትንና የሚጎድላቸውን ለየ። በትንሽ ቡድን፣ በሌሊት፣ መሬቱን እንደ እጃቸው መዳፍ እያወቁ መዋጋት ይችሉበታል። ያልለመዱት ብዙ ሺህ ሰው በአንድ እዝ ማንቀሳቀስን፣ ስንቅና ጥይት በሰዓቱ ማድረስን፣ ትእዛዝ በግልጽ መጻፍን ነው። ስለዚህ የሚያውቁትን እንደገና አላስተማራቸውም፤ የጎደላቸውን ሊሞላላቸው ሞከረ። የአሜሪካ የማሠልጠኛ መጻሕፍት እጁ ላይ ስላልነበሩ ከትዝታው ጻፋቸው፤ ወደ ዕብራይስጥ እየተተረጎሙም ለአዛዦቹ ተሰጡ። እኛ ከታሪኩ ሁሉ ትልቁ ሥራው ይህ ይመስለናል። ችሎታን መመዘን ሰውን መጣል አይደለም፤ ከየት እንደሚጀምር ማወቅ ነው።

በሜይ 28፣ 1948 ዳዊድ ቤን ጉሪዮን የኢየሩሳሌም ግንባር አዛዥ አድርገው ሾሙት፤ አሉፍ የሚለውን ማዕረግም ሰጡት። በአዲሲቷ አገር ይህን ማዕረግ የያዘ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ኢየሩሳሌም ተከብባ ነበር፤ ላትሩን ላይ መንገዱ ተዘግቷል። እዚያ የተደረጉት ጥቃቶች አልተሳኩም። በቂ ሥልጠና ሳያገኙ ወደ ውጊያ ከገቡት አንዳንዶቹ ገና ከአውሮፓ የመጡ ወጣቶች ነበሩና የሥልጠና ጉድለት በሰው ሕይወት ተከፈለ። ላትሩን እምቢ ሲል በተራሮቹ መሀል ሌላ መንገድ ተጠረገ፤ የበርማ መንገድ ተባለ። ምግብና ውኃ ለከተማው በዚያ ገባ።

በጁን 11 ሌሊት፣ የተኩስ አቁሙ ሊጀምር ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት፣ ሚኪ አቡ ጎሽ ከሚገኘው ማዘዣ ቦታው ወጣ ብሎ ነበር። ነጭ አንሶላ ለብሷል። ሲመለስ ጠባቂው በዕብራይስጥ ማንነቱን ጠየቀው። ሚኪ ዕብራይስጥ በደንብ አያውቅም ነበር፤ አልተግባቡም። ጠባቂው ጠላት መስሎት ተኮሰ። ሚኪ የሞተው በ47 ዓመቱ፣ ለማሠልጠን በመጣበት ሠራዊት ጥይት ነው። አስከሬኑ ወደ አሜሪካ ተወስዶ ዌስት ፖይንት ተቀበረ፤ ከሸኙት አንዱ ሞሼ ዳያን ነበር። ቀድሞ ኪቡጽ የነበረው ሚሽማር ዳዊድ በስሙ ተሰይሟል።

ይህን ታሪክ ስናነብ ሁለት ነገር እንይዛለን። አንደኛው ለመዛኞች ነው፤ ሰው ይዞት የመጣውን ሳያዩ ከዜሮ ጀምር ማለት ለራስ ኪሳራ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን በጎንደር እርሻ፣ ብረት ሥራ፣ ሸክላ ሥራ ያውቁ ነበር፤ በሱዳን በረሃ ሕፃን አዝለው በሌሊት መንገድ መርተዋል። ይህ በየትኛውም ፈተና ላይ አይጠየቅም፤ ግን ዕውቀት ነው።

ሁለተኛው ለእኛው ነው። ሚኪ ያን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የጎደለው የቦታው ቋንቋ ነው፤ እሱም ለመማር ጊዜ አላገኘም። እኛ ግን ጊዜ አለን። ባሃድ 1 የምትገቡ ልጆች፣ ከቤት የያዛችሁትን አትናቁት፤ ሲጠይቋችሁም ሳታፍሩ ተናገሩት። የጎደላችሁን ደግሞ ሳትደብቁ ጠይቁና ተማሩ። ወላጆችም ልጆቻችሁ ከመሄዳቸው በፊት የምታውቁትን ንገሯቸው።