ያልታከተው ታካች

ግራኝ ነኝ፡፡ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ግን ግራኝ መሆን አልተፈቀደልኝም ነበር፡፡ እርሳስ በግራ እጄ ይዤ ያገኙኝ አስተማሪ በማስመሪያ ጠርዝ ጣቶቼን ይመቱኝ ነበር፡፡ ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ በግራ እጅ መጉረስም ሆነ ለሰው ዕቃ ማቀበል ነውር መሆኑን ታስታውሰኛለች፡፡ ቋንቋችን ራሱ አይምረንም፤ የተደናገረ ሰው ግራ ገባው እንላለን፡፡ ዛሬ በቀኝ እጄ እጽፋለሁ፡፡ የእጅ ጽሑፌን ግን ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም፡፡

ይህን የቆየ ቂም የቀሰቀሰብኝ ጀርመን አገር የሚኖር አብሮ አደጌ ነው፡፡ እሱም ግራኝ ነው፤ እዚያ የአንድ የዒላማ ተኩስ ክለብ አባል ሆኗል፡፡ ልጠይቀው በሄድኩበት ጊዜ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ፣ ግራ እጁን አሳርፎ፣ ዙሪያውን በእርሳስ ሲስል አገኘሁት፡፡ የሕፃን ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ፡፡ ለካ ለውድድር የሚሆን ሽጉጥ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየመረጠ በልኩ እያሠራ ኖሯል፡፡ ወረቀቱም እጀታውን ለሚጠርበው ባለሙያ የሚላክ ልክ ነበር፡፡

ስለ ሽጉጥ የማውቀው በፊልም ያየሁትን ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስለ አፈሙዙ ነበር፡፡ ጓደኛዬ ፈገግ አለ፡፡ በ25 ሜትር ርቀት ላይ ጥሩ ፋብሪካ የሠራው አፈሙዝ ከአብዛኛው ተኳሽ የተሻለ እንደሚያነጣጥር፣ ነጥብ የሚባክነውም እጅና ሽጉጥ በሚገናኙበት ቦታ እንደሆነ አስረዳኝ፡፡ ስለዚህ ምርጫው ከእጀታው ይጀምራል፡፡ እጀታው ከጠንካራ እንጨት ይሠራል፤ መዳፍ የሚሞላበት እብጠት፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጉድጓድ፣ ከሥር ደግሞ መዳፍን የሚደግፍ ከፍና ዝቅ የሚል መደርደሪያ አለው፡፡ ከባለሙያው እጅ ከወጣም በኋላ ሥራው አያልቅም፡፡ ተኳሹ ራሱ የሚቆረቁረውን በሞረድ ይገዘግዛል፣ የጎደለውን በስቱኮ ይሞላል፡፡

ከዚያ ቃታው ይከተላል፡፡ ዛሬ በዓለም አቀፍ የ25 ሜትር ውድድሮች ቃታው ቢያንስ 1000 ግራም መሸከም አለበት፡፡ ከውድድሩ በፊት ዳኛው ቃታው ላይ ክብደት ያንጠለጥሉና ሽጉጡን ቀና ያደርጉታል፤ ቃታው ከተሳበ ሽጉጡ አያልፍም፡፡ አጠቃላይ ክብደቱ ከ1400 ግራም መብለጥ የለበትም፡፡ ሙሉ ሽጉጡም ርዝመቱ 300፣ ቁመቱ 150፣ ውፍረቱ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት፡፡ በዚህ ጠባብ ደንብ ውስጥ ተኳሹ የሚመርጠው ብዙ ነው፤ ክብደቱን ወደ አፈሙዙ ጫፍ ቢያዞረው ሲተኮስ ወደ ላይ የሚዘለው ይቀንሳል፣ ክንዱን ግን ቶሎ ያደክመዋል፡፡ የማነጣጠሪያው ክፍተት ቢጠብ ዓይን ጥራት ያገኛል፣ ፍጥነት ግን ያጣል፡፡ እያንዳንዱ ምርጫ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን የሚነሳ ነው፡፡

ለግራኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፡፡ አብዛኛው ሽጉጥ ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው፡፡ የቀኝ እጅ እጀታ በግራ እጅ ሲያዝ የአውራ ጣቱ ማረፊያ በተቃራኒው ወገን ይቀራል፣ እብጠቱም መዳፍን በመሙላት ፈንታ ጣቶችን ይገፋል፡፡ እንግዲህ ግራኝ እንዴት አድርጎ ከሌሎቹ ጋር ይወዳደራል ብዬ ጠየቅሁት፡፡ ጓደኛዬ መልስ አልሰጠኝም፤ ይልቅ የአንድ ሃንጋሪያዊ ታሪክ አጫወተኝ፡፡ ከዚያ ወዲህ የሰውየውን ታሪክ ካገኘሁት ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ፡፡

ሰውየው ካሮይ ታካች ይባላል፡፡ ስሙን ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ፡፡ በእኛ ቋንቋ ታካች ማለት ገና ሥራ ሳይጀምር የሚሰለች፣ የሚደክመው ሰው ነው፡፡ ከዚህ በታች እንደምታነቡት ግን ስምና ግብር እንዲህ የተራራቁበት ሰው ማግኘት ያስቸግራል፡፡ (ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመተ ምህረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ታካች የተወለደው ጥር 21 ቀን 1910 በቡዳፔስት ከተማ ነው፡፡ ጎልማሳ ሲሆን የሃንጋሪ ጦር ውስጥ ገባ፡፡ በቀኝ እጁ የሚተኩስ፣ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሲያልፍ ከዓለም ምርጥ የሽጉጥ ተኳሾች አንዱ የሆነ ወታደር ነበር፡፡ የ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ ሲቃረብ አገሩን መወከል የሚገባው እሱ ነበር፡፡ ነገር ግን የጊዜው የሃንጋሪ ደንብ ለውድድሩ የሚመረጡት መኮንኖች ብቻ እንዲሆኑ ያዝዛል፡፡ ታካች ደግሞ ሃምሳ አለቃ ነው፡፡ ዒላማውን ቢመታም ማዕረጉ አልደረሰምና አገር ቤት ቀረ፡፡ የወርቅ ሜዳሊያውን ጀርመናዊው ኮርኔሊየስ ፋን ኦየን ወሰደ፡፡

ከበርሊን በኋላ ክልከላው ተነሳ፡፡ ታካችም ዓይኑን በ1940 በቶኪዮ ሊካሄድ በታቀደው ኦሊምፒክ ላይ ተከለ፡፡ በ1938 ግን ለወታደራዊ ልምምድ በወጡበት ጊዜ ብልሽት ያለበት የእጅ ቦምብ በቀኝ እጁ ላይ ፈነዳ፡፡ ሽጉጥ የሚይዝበት፣ ቃታ የሚስብበት እጅ ጠፋ፡፡

አንድ ወር ያህል ሆስፒታል ተኛ፡፡ ከዚያ ሲወጣ ማንም ሳያውቅ በግራ እጁ መለማመድ ጀመረ፡፡ እዚህ ላይ የጓደኛዬ ጠረጴዛ ትዝ ይለኛል፡፡ ወጌሻም ሆነ ሐኪም ሊመልስለት የማይችለውን ነገር አስቡት፡፡ በቀኝ እጅ ለዓመታት የተለመደው የቃታ አሳሳብ በግራ ጣት ውስጥ የለም፡፡ አቋቋሙ ይገለበጣል፡፡ የጭንቅላቱ ዘንበል ማለት፣ ዓይን ከማነጣጠሪያው ጋር የሚገናኝበት መስመር፣ የትከሻው ጥንካሬ ሁሉ እንደ አዲስ መሠራት አለበት፡፡ ዕቃውን ለእጁ ማስተካከል አንድ ነገር ነው፤ እሱ ግን እጁን ራሱን ከሥር ጀምሮ እንደገና ሠራው፡፡

በ1939 የጸደይ ወራት የሃንጋሪ የሽጉጥ ሻምፒዮና ተካሄደ፡፡ ታካች ብቅ ሲል የድሮ ባልደረቦቹ ሊያያቸው የመጣ መስሏቸው ከበው አጽናኑት ይባላል፡፡ እሱ ግን የመጣው ለመወዳደር እንደሆነ ነገራቸው፡፡ አሸነፋቸውም፡፡ በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ ሉሰርን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የወርቅ ሜዳሊያ ባገኘው የሃንጋሪ ቡድን ውስጥ ነበር፡፡

ቀጥሎ የመጣው ጦርነት የ1940ውንም የ1944ቱንም ኦሊምፒክ አስቀረ፡፡ ለስፖርተኛ ምርጥ የሚባሉት ዓመታት እንዲሁ አለፉ፡፡ ታካች ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ መድረክ የቆመው በ1948 በለንደን ሲሆን ዕድሜው 38 ደርሶ ነበር፡፡

የተሰለፈበትን የፈጣን ሽጉጥ ውድድር ላልተመለከተ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ በ25 ሜትር ርቀት አምስት ዒላማዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፡፡ ተኳሹ ክንዱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል፤ ምልክቱ ሲሰጥ ክንዱን አንስቶ በእያንዳንዱ ዒላማ ላይ አንድ አንድ ጥይት ይተኩሳል፡፡ መጀመሪያ 8 ሴኮንድ፣ ቀጥሎ 6፣ መጨረሻ ላይ 4 ሴኮንድ ይሰጠዋል፡፡ በአራት ሴኮንድ ክንድን አንስቶ አምስት ዒላማ መምታት ማለት ለአንዱ ጥይት አንድ ሴኮንድ እንኳ አይደርስም፡፡ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ እጅ ራሱ ማወቅ አለበት፡፡ ጠቅላላው 60 ጥይት፣ ከፍተኛው ነጥብ 600 ነው፡፡

በለንደን ይጠበቅ የነበረው የዓለም ሻምፒዮኑ አርጀንቲናዊ ካርሎስ ኤንሪኬ ዲያስ ሳኤንስ ቫሊየንቴ ነበር፡፡ ታካችን ባየው ጊዜ ምን ሊያደርግ እንደመጣ ጠየቀው፣ ታካችም ለመማር እንደሆነ መለሰለት ይባላል፡፡ ውጤቱ ሲታወቅ ታካች በ580 ነጥብ፣ በአዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አንደኛ ወጣ፤ አርጀንቲናዊው በ571 ሁለተኛ ሆነ፡፡ በሜዳሊያው ሥነ ሥርዓት ላይም ተሸናፊው በቂ ትምህርት ማግኘቱን ነግሮት እጁን ጨበጠው ይላሉ፡፡

ከአራት ዓመት በኋላ በሄልሲንኪ ታካች በ579 ነጥብ የወርቅ ሜዳሊያውን አስጠበቀ፡፡ በዚህ ውድድር ሁለት ጊዜ በኦሊምፒክ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ፡፡ በአንድ ነጥብ ብቻ ተቀድሞ ሁለተኛ የወጣው ሲላርድ ኩን ራሱ ታካች ያሠለጠነው የአገሩ ልጅ ነበር፡፡ በ1956 በሜልቦርን በ46 ዓመቱ ተወዳድሮ ስምንተኛ ሆነ፡፡ ከዚያም በአሠልጣኝነት ሠራ፡፡ ማዕረጉ አልደረሰም ተብሎ የቀረው ሃምሳ አለቃ በሌተና ኮሎኔልነት ጡረታ ወጣ፤ ጥር 5 ቀን 1976 አረፈ፡፡

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ብርቱ ፈቃድ ነው፡፡ እውነት ነው፤ እኔን ግን የገረመኝ ሌላ ሒሳብ ነው፡፡ ታካች ሦስት ኦሊምፒኮች አምልጠውታል፡፡ ሁለቱን የወሰደው ጦርነቱ ነው፡፡ አንዱን የወሰደው ደንብ ነው፤ ያውም ሁለት እጅ በነበረው ጊዜ፡፡ የቀኝ እጁ መጥፋት ግን አንድም ኦሊምፒክ አላስቀረበትም፡፡ ቦምቡ ያልከለከለውን አንድ ተራ የጽሕፈት ቤት ውሳኔ ከልክሎታል፡፡

ለእኛ ይህ ታሪክ ባዕድ አይደለም፡፡ ለንደን ኦሊምፒኩን በከፈተችበት ዕለት፣ ሐምሌ 29 ቀን 1948፣ በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን 16 የአካል ጉዳት የደረሰባቸውን የቀድሞ ወታደሮች በተሽከርካሪ ወንበር አስቀምጠው የቀስት ውድድር አካሄዱ፡፡ የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደው ከዚያ ነው፡፡ ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ በዚያው በስቶክ ማንዴቪል ውድድር ላይ ቀስት የወጠረው የእኛው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነበር፡፡ በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከመንቀሳቀስ ቢቀሩም ስፖርት አላቆመም፡፡ በ1960 በሮም ደግሞ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው አውልቆት ሮጦ እንዳሸነፈ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፡፡ ለሰውነት የማይስማማ ዕቃ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ሸክም መሆኑን አበበ ቀድሞ ያውቅ ነበር፡፡

በአገራችን በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለሠራተኛው እንዲያመቻች ግዴታ ይጥላል፡፡ የምሠራበት ሕንፃ ሊፍቱ ሲቆም አራት ፎቅ በደረጃ ነው፡፡ በተሽከርካሪ ወንበር መጥቶ ሥራ ያመለከተ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ ያልመጡት ሰነፍ ሆነው ይመስለን ይሆን? ወይስ እንደ ሃምሳ አለቃው በር ላይ የቀሩ አሉ?

ጓደኛዬ እጀታው ተሠርቶ ሲደርሰው ሽጉጡ ላይ ከመግጠሙ በፊት ፎቶውን ላከልኝ፡፡ ገና ቀለም ያልተቀባ፣ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ እንጨት ነው፡፡ በመጀመሪያ ሲይዘው አውራ ጣቱ ሥር ትንሽ እንደቆረቆረው፣ ሞረዱን እንዳነሳ ጻፈልኝ፡፡

ይህን ጽሑፍ ስጀምር እኔም እርሳስ በግራ እጄ ይዤ የመጀመሪያውን ገጽ በወረቀት ላይ ሞከርኩት፡፡ ፊደሎቹ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል ይመስላሉ፣ መስመሩም ሽቅብ ይወጣል፡፡ ግን ይነበባል፡፡ ጣቶቼን የሚመታም አልነበረም፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡